ሳይታጠብ ይላክልኝ

የሕፃናት ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእኛ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት። የልጅ ልጄ ከተወለደ ሰባተኛ ቀኑን ያዘ፤ እኔ አያቱ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየዋልኩ ዓይኑን አላየሁም።

ልጄ ምጥ ሲይዛት ትኩሳትም ነበራት። አፍንጫዋን መረመሩና ኮሮና አለብሽ አሏት። ወለደች፤ ሳታቅፈው ወሰዱት። በሁለተኛው ቀን እሱንም መረመሩት፤ እሱም አለበት ተባለ። ክፉና ደግ ያልለየ፣ ጡት እንኳ ያልቀመሰ ልጅ። ትንፋሽ ሲያጥረው የኦክስጂን ቱቦ አፍንጫው ላይ ለጠፉበት። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ድንበር ላይ ቆሞ ቀርቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

እኔንም በጊዜው ጠይቀውኝ ነበር። አብረሻት ነው የምትኖሪው፣ ሳል አለሽ ወይ? አሉኝ። አለኝ፣ ግን ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ የበረኪና ሳል ነው አልኩ። እኛ አጣቢዎች ሁላችንም እንስላለን። እቤቴ ስስል ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ስንት በርሜል በረኪና ጠጣሽ? እያሉ ይቀልዱብኛል። ጠያቂውም ሳቀና አለፈኝ። ያን ሰሞን መመርመሪያው እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ለሚስል አጣቢ ሁሉ አይበቃም። እኔም ከያዝኩት ንቅንቅ የማልል ሰው ነኝ፤ የበረኪና ነው ካልኩ የበረኪና ነው።

ላይ ያለችው ቀጭኗ ነርስ በየቀኑ በውስጥ ስልክ ወሬውን ትነግረኛለች። ግንባሩን እንደ ሽማግሌ ስለሚቋጥር ስሙን ሰውዬው ብለውታል። ሰውዬው ዛሬ ወተቱን ጨረሰ። ሰውዬው ቱቦውን ነቅሎ ተቆጣ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ምን ምን ይሸታል? እላታለሁ፤ ትስቃለች። ሰው የሚናፈቀው በዓይን ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጨርቅ በአፍንጫዬ ስለይ የኖርኩ ነኝ። የአዋቂውን አንሶላ ከሕፃኑ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ልጄንም ያሳደግኳት አናቷን እያሸተትኩ ነው።

በስድስተኛው ቀን ቱቦው ወጣለት። ሁለት ጊዜ መርምረው ነጻ ነው አሉ። የልጄ ትኩሳት ግን ገና አልለቀቃትም ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ፣ ነገ ወዲያ አያቱ ትውሰደው አለ።

ሌላም አያት አለችው። የልጄ አማት፣ እኔ ባለኪሮሿ የምላት። በገባችበት ቤት ሁሉ መስኮቱን በጣቷ ጠረግ አድርጋ አቧራ የምትፈልግ ሴትዮ ናት። ልጆቻችን በተጋቡ ሰሞን ራሷ በኪሮሽ የሠራችውን የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ቤቴ መጣች። ጥጉ ላይ ትንሽ የእድፍ ጠብታ አየሁና በሰው ፊት፣ «ይቺ እንኳ በበረኪና ትለቃለች» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ። ልጁን ቀድማኝ እንዳታቅፈው ነበር ሥጋቴ። ሐኪሙ አያቱ ሲል እኔን ማለቱ ነው ብዬ ጓዳዬን ጠርጌ ተዘጋጀሁ።

ሊሰጡኝ አንድ ቀን ሲቀር፣ ከአራተኛ ፎቅ ቢጫው ከረጢት ወረደ። ቢጫ ማለት የኮሮና ነው። አይፈታም፤ ከነቋጠሮው ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ፍል ውሃ ሲያገኘው ራሱ ይሟሟል። ሕጉን ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን በላስቲኩ ውስጥ የአንዲት ሸሚዝ እጅጌ ታየኝ፤ ጫፏ ላይ ቀይ ክር አለባት። ለልጅ ልጄ ብዬ ቀዩን ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰባት ቀን የታገሥኩ ሴትዮ አንዲት ቀን አቃተችኝ። ፈታሁት። የአፌን ጭምብል አወረድኩና ሸሚዟን ፊቴ ላይ ደፋሁ።

ምንም።

ወተት የለም፣ ላብ የለም፣ መድኃኒት እንኳ የለም። ውሃ እንደማሽተት ነው። ሄጄ የበረኪናውን በርሜል ክዳን አነሳሁ። ያ በርሜል ሲከፈት ሰው በሩ ላይ ሆኖ ያስነጥሰዋል። ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። ዓይኔ አነባ፤ አፍንጫዬ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ሳሉ የበረኪና እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄ ልትወልድ በደረሰችበት ሰሞን ወገቧን የማሸው፣ ላቧን የምጠርገው፣ ጆሮዋ ሥር የምስለው እኔ ነበርኩ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ብዬ አሰብኩ። እሱ እንደሆነ አንዴ ታሞ ድኗል። ነገ ጠዋት እታቀፈዋለሁ፤ ከታቀፍኩት በኋላ ማን ከእጄ ይነጥቀኛል? ክዳኑን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ያ ቱቦ ታየኝ። ስልኩን አነሳሁ።

«ልጄ፣ ነገ ሰውዬውን ለእኔ እንዳትሰጪኝ።»

«ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አለች ቀጭኗ ነርስ።

«አፍንጫዬ ሞቷል።»

ከመቼ ጀምሮ እንደምስል ጠየቀችኝ። ከሃያ ዓመት ጀምሮ ልላት ነበር፤ አንደበቴ እምቢ አለኝ። «ልጄ ከመውለዷ በፊት» አልኩ። ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይታወቅም ብላ አጽናናችኝ። ደግ ልጅ ናት።

ለባለኪሮሿ መደወል ደግሞ የእኔ ዕዳ ሆነ። ልጁን እርስዎ ይውሰዱት ስላት መጀመሪያ የማሾፍባት መስሏት ነበር። ነገሩን ስነግራት ድምጿ ተለወጠ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ አለች።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ» አልኳት። «በየቀኑ የለበሳትን ሸሚዝ በሬ ላይ ይስቀሉልኝ። ሳይታጠብ ይላክልኝ።»

«አፍንጫዬ ሞቷል አላሉም እንዴ?»

«ሲነሳ መጀመሪያ እሱን ያግኝ ብዬ ነው።»

ተመርምሬ አለብሽ ተባልኩ፤ ለሁለት ሳምንት ቤቴ ተዘጋብኝ። ባለኪሮሿ ቃሏን ጠበቀች። በየጠዋቱ የበሩ እጀታ ላይ ፌስታል ታንጠለጥላለች፣ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፣ ትሄዳለች። እኔ እርምጃዋ እስኪርቅ ቆጥሬ እወጣለሁ። ሸሚዟ አራት ቦታ ታጥፋ ነው የምትመጣው። ይቺ ሴትዮ እድፍም ቢሆን ሳታጥፍ አትሰጥም እያልኩ ፊቴ ላይ እደፋታለሁ። ምንም። አገላብጬ ከአንገቷ በኩል። ምንም። በአምስተኛው ቀን ልጄ ድና ወጣች፤ እዚያው ባለኪሮሿ ቤት ገብታ ልጇን ጡት አስያዘችው። በስልክ ሲጠባ አሰማችኝ፤ እንደ አሮጌ ፓምፕ ነው ድምፁ። ስልኩን ዘግቼ ዘጠኝ ሸሚዝ እስኪሞላ በገመድ ላይ ደርድሬ በየተራ ስምግ ሰነበትኩ። አፍንጫዬን ረገምኩት። እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው፣ ልጁን አቅፌም ውሃ ሊሸተኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አንድ ነገር ሽው አለኝ። ሸሚዟን እንደገና ሳብኳት። የሎሚ ሽታ። ልጅ ሎሚ አይሸትም። የዱቄት ሳሙና ነው፤ ያውም በደንብ ያልታለቀለቀ። ወደ ገመዱ ዞሬ ሌሎቹን አሸተትኳቸው፤ ሁሉም ሎሚ። አሁን ሳያቸው ንጣታቸው ዓይን ይወጋል፣ የካውያው መስመር ሳይቀር አለ። ሃያ ዓመት እድፍ ያየ ዓይኔ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ። ሰው ሲናፍቅ የሚያየው የፈለገውን ነው።

ደወልኩላት። «እትዬ፣ እነዚህን ልብሶች አጥበዋቸዋል እንዴ?»

«ተኩሻቸዋለሁም» አለች።

«ሳይታጠብ አላልኩም?»

«ብለዋል። ግን ለእርስዎ ቆሻሻ ጨርቅ እንዴት አድርጌ ልላክ? ያን ቀን በሰው ፊት ያሉኝን ረሱት? አሁን ደግሞ ልጁን በእድፍ ይዛዋለች ሊሉኝ?»

ሳቅ አፈነኝ፤ ሳሉ ተከተለኝ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። የራሴ ምላስ ነው ዘጠኝ ቀን የከለከለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፣ እርስዎ ማለቱም ጠፋኝ። እሷም አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። ነገ ሳላጥብ አመጣለሁ አለች።

«ነገ ሳይሆን አሁን» አልኩ።

ሰዓት ሳይሞላ መጣች። ይህን ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ አልሄደችም፤ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። በሩን ገርበብ አድርጌ ፌስታሉን ጎትቼ ከፈትኩት። ሸሚዟ አልታጠፈችም፤ እንዲያው ተጠቅልላ ነው። ከሥሯ ደግሞ የራሷ የባለኪሮሿ የትከሻ ልብስ አለ፤ በእጇ የሠራችው፣ ትከሻው ላይ ሰውዬው የጠባውን የመለሰበት። ገና እርጥብ ነበር።

ሁለቱንም ደራርቤ ፊቴ ላይ ደፋሁ። ኮምጠጥ ያለ የልጄ ወተት። ከሱ ሥር የአንገት እጥፋት ላብ። ከሁለቱም ሥር ስም የማላወጣለት፣ የእሱ ብቻ የሆነ ሙቀት።

«ይቺስ በበረኪና ትለቃለች?» አለች ከበሩ ወዲያ።

አፌም አፍንጫዬም ጨርቁ ውስጥ ነበር።