አራት ጣት

...ማውረድ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ክሪኩን ማውረድ፣ በቃ፣ ምን ያዘገየዋል ይሄን እጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ክሪክ ሲያወርድ የኖረ እጅ፣ ጋሼ ዘለቀ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፣ እዚህ የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ያልነገሩት ሰው የለም፣ ነገ አንድ ልጃቸውን ሄራንን በዚህ የ1932 ፎርድ ራሳቸው እየነዱ ወደ ሠርጓ ሊወስዷት ነው፣ ፍሬው ነው መኪናውን ዝቅ ያደረገልኝ እያሉ፣ ፍሬው እኔ ነኝ።

ዝቅ። አባዬ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር፣ አዳማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ባሌስትራ ላይ ብረት ሲደርብ የኖረ ሰው፣ መኪና ከፍ እንዲል፣ ድንጋዩን እንዲያልፍ፣ ልጁ ደግሞ ሎስ አንጀለስ መጥቶ ይቀንሳል፣ ከፊቱ ባሌስትራ ሦስት ብረት አወጣሁ፣ አክስሉን መሃሉ ወደ ታች በጎበጠ ቀየርኩ፣ ይሄም አልበቃ ሲል ሻንሲውን፣ መኪናው የሚያርፍበትን ብረት፣ ከፊት በኩል ግራና ቀኝ ቆረጥኩት፣ የቀረው ወደ መሬት እንዲወርድ ጫፉን ከፍ አድርጌ መልሼ በየድኩት።

ቀኙ ጥሩ ነው፣ በቀኙ እምላለሁ። ግራው። ግራውን ስበይድ መሃል ላይ ብየዳውን ከአየር የሚከልለው ጋዝ አለቀ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ብየዳው የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ፣ ቆርጦ እንደገና መጀመር ነበር፣ አልቆረጥኩም፣ ጋዙን ቀይሬ ከላይ ደረብኩበት፣ ሞርጄ አለሰለስኩት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣ እንዲያውም ከቀኙ ይልቅ ያምራል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ይወርዳል። ጎማው መሬት ነካ፣ ሻንሲው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ምንም አልተሰማም።

እሰይ የኔ ልጅ፣ ይላሉ ጋሼ ዘለቀ፣ ሶ ከመሬት አራት ጣት ነው ያልኩህ አይደል፣ እኔ ገብቼ ልቀመጥ፣ አንተ እጅህን ከሥር አስገብተህ ለካልኝ፣ ከነክብደቴ አራት ጣት ከሆነ ኦኬ ነው፣ ነገ ደግሞ ሄራን ከነቬሎዋ አለች፣ ይስቃሉ።

እጄን። አባዬ ባሌስትራ ጠግኖ ሲጨርስ መኪናው ሲጫን ከሥሩ ይተኛ ነበር፣ አሥር ኩንታል፣ ሃምሳ ኩንታል፣ እሱ በጀርባው ተንጋሎ ብረቱን ያያል፣ እማዬ ደጅ ቆማ ትሳደባለች፣ እኔ ያላመንኩትን ሹፌሩ ለምን ያምነዋል ይላታል። እዚህ ማን ይተኛል፣ አራት ጣት ውስጥ ድመት አይገባም፣ ለካ ለዚህ ነው የተመቸኝ፣ ዝቅ ያለ መኪና ሥር ማንም ተኛ አይለኝም።

ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ለካህ ወይ ፍሬው?

ተንበርክኬያለሁ፣ እጄ ሻንሲው ጫፍ ደርሷል፣ ግባ፣ አይገባም፣ ጣት እኮ ነው፣ ምን ይሆናል፣ ምናልባት አሥር ዓመት ይይዛል፣ ምናልባት ነገ ጠዋት አንዲት ጉድጓድ ላይ፣ ሄራን ቬሎዋን ሰብስባ ስትስቅ፣ ይቺ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ግባ እንጂ፣ አይገባም። እጄን የማላስገባበት ላይ የሰው ልጅ ላስቀምጥ ነው። ፈራሁ፣ ከዚያ በላይ አፈርኩ።

ስንት ሆነ?

ጋሼ፣ ይውረዱ።

ምን?

ይውረዱልኝ፣ የግራው ብየዳ ተበላሽቷል፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ቀለም ቀብቼ ሸፈንኩት።

ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ አንድ እግር፣ ሌላው እግር፣ ሠርጉ ነገ እኮ ነው ፍሬው፣ አውቃለሁ ጋሼ፣ ስንት ሰው ይጠብቃል፣ አውቃለሁ፣ ጉድ ሠራኸኝ፣ አዎ፣ ቁልፉን መሬት ላይ ወርውረው ይወጣሉ፣ ዞር ብለው አያዩኝም።

ክሪኩን መልሼ ከሥር አስገብቼ መኪናውን አነሳለሁ። አንድ ስንዝር። አንድ ክንድ። ገና ነው፣ ከሥሩ ሰው እስኪያስተኛ።