ንጹህ ድንጋይ

ሳጥኑ ሲከፈት የእህቴ ባል ፊት ተለወጠ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ድንጋይ ማንበብ ቢሆንም የሰው ፊት ማንበብ የበለጠ ይቀናኛል።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ትናንት በስልክ 'ሦስተኛው ጉድጓድ አላማረኝም፣ መጥተሽ ራስሽ እዪው' ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ። ቀና ብሎ በተከፈተው በር ወደ ዋናው ቤት ተመለከተ፤ ከዚያ ደግሞ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"እንዳየሽው ነው" አለኝ።

ያየሁት ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ስንጥቅ የማይታይበት አለት ነው። ለዚህ ነው "አላማረኝም" ያለው? ከዚህ በላይ እንዴት ሊያምር ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የከተማችን የውሃ መሥሪያ ቤት ጂኦሎጂስት ነኝ። ከግድቡ እስከ ከተማው አዲስ ትልቅ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው፤ ቧንቧ ከመቀበሩ በፊት ደግሞ ከሥሩ ያለው መሬት ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የእህቴ ባል በመሰርሰሪያ ማሽን ይቆፍራል። ከጉድጓዱ የሚወጣው አፈርና እንደ ዱላ የተቀረጸ ድንጋይ በጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት እንዳወጣጡ፣ በተራ ይደረደራል። ያንን አይቼ "እዚህ ቅበሩ፣ እዚህ አትቅበሩ" የምለው እኔ ነኝ።

ቧንቧው ሊሄድባቸው የሚችሉ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ በኮረብታው ትከሻ ያልፋል። ሌላው ከኮረብታው ግርጌ፣ በሰፈሩ መሀል ያልፋል፤ በዚህ ከሄደ ቤቶች ይፈርሳሉ። ከሚፈርሱት የመጀመሪያው የእናቴ ቤት ነው። አባቴ በገዛ እጁ የሠራው፣ እኔና እህቴ የተወለድንበት ቤት ነው፤ አሁን እናቴ ከእህቴ፣ ከባሏና ከልጆቻቸው ጋር ትኖርበታለች። ስለዚህ የቤታችን ሰው ሁሉ ኮረብታው ድንጋይ እንዲሆን ይመኝ ነበር። እኔም እመኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

እኛ የሙያ ሰዎች ያልበሰበሰ፣ ውሃ ያልበላው አለት ሲወጣ "ንጹህ ድንጋይ" እንላለን። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናቴ "ቤቴስ?" ብላ ስትጠይቀኝ "አይዞሽ እማዬ፣ ከላይ ንጹህ ድንጋይ ከወጣ ቤትሽ የትም አይሄድም" አልኳት። ፈራ ተባ እያልኩ ሌላውንም ነገርኳት። ከድንጋዩ መሀል የሚያሙለጨልጭ ሸክላ ከተገኘ፣ ኮረብታው ውሃ በጠጣ ቁጥር ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ቧንቧውን ይሰብረዋል፤ ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ቤት ነው። እናቴ ሰምታኝ ስታበቃ ሰሃን ማንሳት ጀመረች።

የናሙና ሳጥኖቹ እዚያው እናቴ ግቢ መቀመጣቸው የመሥሪያ ቤታችን ጉድ ነው። ሥራ አስኪያጃችን መሬቱን ሳያስጠኑ ቧንቧውን ገዝተው አስጭነው መጋዘኑን ሞሉት። "መሬቱ እምቢ ቢልስ?" ስላቸው "መሬት መቼ እምቢ ይላል!" አሉኝ። ሳጥኖቹ ማደሪያ አጡ። የእህቴ ባል በግቢው ጥግ በቅርቡ አንዲት ክፍል ቀጥሎ ስለነበር እዚያ ይቆለፍባቸው ተባለ።

ያቺ ክፍልም ራሷ ታስጠረጥረኝ ነበር። ሊፈርስ በሚችል ቤት ላይ ክፍል የሚቀጥል ሰው፣ ወይ ጅል ነው ወይ እኔ የማላውቀውን ያውቃል። ስጠይቀው "እማማ ናቸው ሥራ ያሉኝ" አለኝ። ውሃ የማያነሳ ምክንያት! በአሮጊት ማሳበብ!

ባልደረቦቹ "ጭምቱ" ይሉታል፤ እኔ ግን ዝም የሚል ሰው አላምንም። እህቴ "መርማሪ" ብላ ስም አውጥታልኛለች። እናቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትደግማት ቀልድ አለቻት፤ "ይቺን ልጅ ጡት ሳጠባት እንኳ 'ከየት ያመጣሽው ነው?' በሚል ዓይን ቀና ብላ ታየኝ ነበር" ትላለች። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ዓለም የማልጠረጥረው ሰው ቢኖር እሷው ናት።

ሥራ አስኪያጁ ይደውሉ ጀመር። "ድንጋይ ከሆነ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፈርሚና እንገላገል።"

"ትንሽ ቀርቶኛል" እላለሁ። ምን እንደቀረኝ ግን ለራሴም አይገባኝም።

ኮረብታው ትከሻ ላይ ወዳለው ሦስተኛው ጉድጓድ ወጣሁ። ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል። ከጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የደረቀ ጭቃ ተበትኗል፤ በጣቴ ቆንጥሬ ምራቄን ቀላቅዬ ሳሸው አሙለጨለጨኝ። ግን ይሄ ማስረጃ አይሆንም፤ ከላይኛው አፈር ሊሆን ይችላል፤ መሰርሰሪያው የሚጠጣው ውሃ ምኑንም ምኑንም እየቀላቀለ ነው የሚያወጣው። ስመለስ ጫማዬ ከብዶኝ ነበር፤ ልቤም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ቤት ስሄድ ምሳውን ቶሎ ቶሎ በልቶ ይነሳል። የሳጥኖቹ ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ሲያየኝ ይሄዳል። አንድ ቀን የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ከእናቴ ጋር ልብስ ማስጫው ሥር ቆመው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ደረስኩባቸው። እሱ እጁን እያወናጨፈ ነበር፤ ጭምቱ ሰውዬ! እኔን ሲያዩ ሁለቱም ዝም አሉ። እናቴ "ልብሱ አልደርቅ አለ እኮ" አለችኝ። ልብሱ ግን ደርቆ በነፋስ ይርገበገባል። አሮጊቷንም እያታለላት ነው ብዬ አንጀቴ ቅጥል አለ።

"የዚያን ክፍል ቁልፍ ስጠኝ፤ ሳጥኖቹን እንደገና ላያቸው እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ነገ" አለ።

በማግስቱ ስጠይቀው "የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ" አለ። ከዚህ በኋላ ምን ይጠየቃል?

እሱ ሥራ ላይ፣ እናቴም ጋደም ባለችበት ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። በሩን እንኳ ቢሆን ልገነጥለው ቆርጬ ነበር። ውሃ ጠማኝና ወጥ ቤት ገባሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በሚሰቀልበት ምስማር ላይ፣ "ጠፋኝ" ያለው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። "ውሸታም!" አልኩና አነሳሁት። እዚያ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሰቀለው፣ አንድም ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። ልቤ እሱ ላይ ነበራ።

ሳጥኖቹን ጎን ለጎን አድርጌ ከፈትኳቸው። የሁለተኛው ጉድጓድ ሳጥን ውስጥ ድንጋዮቹ እንደ አሮጊት ጥርስ አለፍ አለፍ ብለው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሳያቸው እንዲህ አልነበሩም፤ ተጠጋግተው ነበር። የሦስተኛው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሦስተኛው አንዱን ድንጋይ አነሳሁ፤ ነጭ መስመር በሰያፍ ያልፍበታል። እንዲህ ያለ መስመር ሁለተኛው ውስጥም እንደነበር ትዝ አለኝ። ፈልጌ አገኘሁትና የሁለቱን ስባሪ ጫፎች አገናኘኋቸው።

ገጠሙ። ከአንድ ድንጋይ ለመሰበራቸው ጥርጥር የሌለው፣ ጥፍር የማያስገባ ግጥም። ድንጋይ ደግሞ ከገዛ ራሱ ስባሪ በቀር ከማንም ጋር እንዲህ አይገጥምም። ከሦስተኛው ሳጥን የሆነ ነገር ወጥቶ ከሁለተኛው በተወሰደ ድንጋይ ተሞልቷል። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አልኩ፤ ግን ደስታ አልተሰማኝም፤ እህቴ ነበረች በዓይኔ ላይ የመጣችው።

ምሳ ሰዓት ላይ እሱና እህቴ ሲገቡ ሁለቱን ድንጋዮች ከሰሃኖቹ መሀል አስቀምጬ ጠበቅኳቸው።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ፣ ከምግብ ጋር?" አለች እህቴ።

"ባልሽን ጠይቂው።"

እህቴ አየችው። እሱ ድንጋዮቹን አየና ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ቤቱን ለማትረፍ ብለህ ናሙና ለወጥክ" አልኩት። "ቧንቧው ሲፈነዳ ማን ላይ እንደሚወርድ ታውቃለህ። ልጆችህ የሚተኙት እዚህ አይደለም? ወይስ ያቺን ክፍል ስለቀጠልክ አሳዘነችህ?"

"ተናገር እንጂ!" አለች እህቴ። "አላደረግኩም በላት!"

"የምለው የለኝም" አለ።

"እንግዲያው እኔ አለኝ። ዛሬውኑ ለሥራ አስኪያጁ እናገራለሁ። ማሽን ዳግመኛ እንዳትነካ ነው የማደርግህ።"

"አንቺ ሰው ነሽ?" አለች እህቴ፤ እንባዋ መጣ። "እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ቤታችን ቁጭ ብለሽ?"

የእናቴ ክፍል በር ተከፈተ። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመች።

"እሱን ተዪው" አለችኝ። "እኔ ነኝ።"

"እማዬ፣ እባክሽ አታዳፍኚለት።"

"እኔ ነኝ እኮ ነው የምልሽ። ክፍሉን ልጠርግ ገባሁ፤ ሳጥኑን ስከፍተው መሀሉ ጭቃ ነው። 'ንጹህ ድንጋይ ከወጣ ቤትሽ የትም አይሄድም' አላልሽኝም? እኔ ታዲያ አጸዳሁት።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እናቴ ሳሙናውን ራሱ ሳታጥብ የማታስቀምጥ ሴት ናት። የኛን ሙያ ቃል እንደ ወጥ ቤት ቃል ሰምታ፣ የከተማውን ውሃ የሚያህል ጉዳይ በባልዲ አጥባዋለች! ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። እህቴም በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። የእህቴ ባል ግን አልሳቀም። ያኔ ያቺ የማትተኛው አመሌ ተነሳች።

"እማዬ፣ ጭቃውን ካጠብሽው አጠብሽው። ከሌላው ሳጥን ድንጋይ አምጥተሽ ለምን ሞላሽበት?"

እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አስተካከለች።

"ክፍተቱ ያስታውቅ ነበራ" አለች።

ሆን ብላ ነው። በደንብ ገብቷት፣ ምሳ ላይ የነገርኳትን ሁሉ ቃል በቃል ይዛ ነው። ያቺን ክፍልም ያሠራችው ሌላው ሰው "ቤቱ ተርፏል ማለት ነው" እንዲል ነው። ቅስሜ ስብር አለ።

ወደ እህቴ ባል ዞርኩ። "አንተ ያኔውኑ አውቀሃል።"

"ሳጥኑ ሲከፈት ነው ያወቅኩት። እኔ ሸክላ ነበር የደረደርኩበት። ቁልፍ የት እንደሚሰቀል የማያውቅ በዚህ ቤት ማን አለ?"

"ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"እሳቸው ራሳቸው እንዲነግሩሽ ስለምናቸው ነበር" አለ። "እኔ እናትሽን ለአንቺ አሳልፌ ልስጥ?"

ዓይኔን ከእሱ ላይ ነቅዬ ወደ እናቴ ዞርኩ።

"የት ደፋሽው ሸክላውን?" አልኳት እናቴን።

ወደ ክፍሏ ገብታ ከአልጋዋ ሥር ሳፋ ጎትታ አወጣች። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። "አጠብኩት ማለቴ ውሸት ነው። ልደፋው አልኩ፤ ፈራሁ" አለችኝ። ጨርቁን ገለጥኩት። አረንጓዴ ቢጤ ሸክላ ነው፤ በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደረጠበ ሳሙና አመለጠኝ።

"ይሄ ነው ቤቴን የሚያፈርሰው?"

"አዎ እማዬ።"

"ዝም ብለን ብንተወው፣ ኮረብታው እስኪንሸራተት ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አይታወቅም። አንድ ክረምት ሊሆን ይችላል። አሥርም ሊሆን ይችላል።"

"ለእኔ ይበቃኝ ነበር" አለች።

ግቢ ውስጥ የእህቴ ልጆች ኳስ ያጋጫሉ፤ ኳሷ በመጣች ቁጥር የአዲሷ ክፍል ቆርቆሮ በር ይጮሃል። እህቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። እናቴም የእሷን ዓይን ተከትላ አየች፤ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሳፋውን ወገቧ ላይ ደገፍ አድርጋ አነሳችው።

"ነይ፣ ቦታውን አሳዪኝ" አለችኝ።

ከሳጥኑ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። የውሸቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ አወጣሁላት፤ እሷ ሸክላውን በእጇ እያድበለበለች ከድንጋዩ ሥር አስተኛችው፤ "እዚህ ነው?" ትለኛለች፤ "እዚያ ነው" እላታለሁ። እንዲህ የተነካካ ናሙና ለምንም እንደማይሆን፣ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደገና መቆፈር እንዳለበት አልነገርኳትም። እንደ ሁልጊዜዋ ጥንቅቅ አድርጋ ነበር የምትሠራው።

የእህቴ ባል በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ።

"ነገ ማሽኑን እመልሰዋለሁ" አለኝ እሱ። "ከጎኑ እንቆፍራለን።"

"በድዬሃለሁ" አልኩት በመጨረሻ።

"ሥራሽ ነው" አለ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም።

እናቴ የሳጥኑን ክዳን ገጥማ ተነሳች፤ በሩንም ራሷ ቆለፈችው። እንደ ልማዷ ወደ ወጥ ቤቱ ምስማር ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች። ተመልሳ መጣችና ሸክላ የደረቀበትን እጄን ይዛ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺ ጋ ይሁን" አለችኝ። "እኔን አትመኚኝ።"

ቁልፉን ተቀበልኳት።