ሸሚዙ ሲሸበሸብ

ድራም መቺው ጓደኞቹን የሚያውቃቸው በጀርባቸው ነው። አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ እየተወዛወዘ ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላቸው ሲመታ፣ የሮክ ባንዱ ጊታሪስት ሊሳሳት ሲል ግራ ተረከዙ እንደሚነሳ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሲከፋው አንገቱ ትከሻው ውስጥ እንደሚገባ ለይቷል። ዘፋኙ፣ የእህቱ ባል፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ሸሚዙ ትከሻና ትከሻው መሃል ይሸበሸባል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግድግዳው በአሮጌ ምንጣፍ በተሸፈነው የልምምድ ጋራዣቸው ውስጥ፣ ጊታሪስቱ ከኪሱ ጠፍጣፋ የምት መቁጠሪያ ማሽን አወጣ። ቅጽል ስሙ ቀጮ ነው፤ ሲወጣለት እውነት ነበር፣ ዛሬ ግን በበሩ የሚገባው በጎኑ ነው።

«የመጀመሪያውን ካሴታችንን ለካሁት» አለ ቀጮ ዓይኑን ሳያነሳ። «በደቂቃ መቶ ሠላሳ ስምንት ምት። ባለፈው ሳምንት የተጫወትነው መቶ ሃያ ስድስት። ዘፈኑ ያው፣ ሰዎቹም ያው።»

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» አለ ዘፋኙ ድራም መቺውን፣ «ቀብር ሸኚ አደረግኸን እኮ! በሚመጣው ወር እንዲህ አድርገን ከቀዳነው ሰሚው ያንቀላፋል።»

«እና?» አለ ድራም መቺው።

«እና… ለቀረጻው ብቻ ሌላ መቺ ብንፈልግስ ብለን…» ቀጮ የቀረውን ዋጠው።

ድራም መቺው መልስ ነበረው፤ ምላሱ ላይ ከደረሰ በኋላ ወደ ውስጥ መለሰው። ወንበሩን ለማትረፍ የሰው ገበና ማውጣት አልሆነለትም። «እስቲ ማሽኑን አምጣው» አለ ብቻ። የማሽኑን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገና ዱላዎቹን አራት ጊዜ አጋጨ።

በመቶ ሠላሳ ስምንት ጀመሩ። እጁ አልሰነፈም። የመጀመሪያው አንጓ እሳት ሆነ፤ ቀጮም እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ላይ የዘፋኙ ሸሚዝ ተሸበሸበ። ሦስተኛው ላይ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ቃላቱ ከመሃል ይቆረጡ ጀመር። ድራም መቺው ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ አላስቻለውም። ማዳመጫውን አወለቀና ምቱን ቀስ በቀስ ወደ ለመዱት ጎተተው። ሸሚዙ ተዘረጋ። ድምፁም ተመለሰ።

ሲጨርሱ ዘፋኙ ላቡን እየጠረገ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትጠብቀኝ?»

«ያ ሳል ካስተኛህ ክረምት ወዲህ።»

«ሰባት ዓመት! ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ እልህ ይዞህ ትሮጣለህ። አንድ ነገር ብትሆን እህቴን ማን ይችላታል?»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። በዓመት ሁለቴ የሚናገረው ቤዝ ተጫዋች፣ «እኔ አውቅ ነበር» አለ።

«አፌን ይቁረጠው» አለ ዘፋኙ። «ለካ ሬሳው እኔ ነኝ።»

ቀጮ ማሽኑን መቶ ሃያ ስድስት ላይ አስተካክሎ ዘረጋለት። «በል፣ ለቀረጻው ያዘው።»

ድራም መቺው ተቀበለው፤ ጎንበስ ብሎም አጭሩ የወንበሩ እግር ስር ሸጎጠው።

«ኧረ ዕቃ ነው!» አለ ቀጮ።

ወንበሩ አልተወዛወዘም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞከረው። ከዚያ ዱላዎቹን አነሳና የዘፋኙን ሸሚዝ አንድ ጊዜ አይቶ፣ አራት ቆጠረ።