ቢጫው ጫፍ

የብረት ገበያ ሰዎች «ብረቷ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ፌሮ ስለምትሸጥ ብቻ አይደለም። ፌሮ እንኳ በሠራተኛ ጉልበት ይታጠፋል፤ እሷ ግን አንዴ ከተናገረች ተናገረች ነው። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳን ከፍታ የብረት ዋጋ ታያለች። ከባሕር ማዶ አንድ ፋብሪካ ምድጃውን ለጥገና ያጠፋ እንደሆነ፣ እሷ ሰፈር ቤት የጀመረ ሰው ጣሪያው ይዘገይበታል። የመርከብ ሠራተኞች አድማ የመቱ ዕለት ደግሞ ባሏ ቁርሱን የሚበላው ድምፁን አጥፍቶ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የመጣላት መልእክት ግን ስለ ዋጋ አልነበረም። የላኩት አባቷን በደንብ ያውቁ የነበሩት የፋብሪካው አዛውንት የሽያጭ ኃላፊ ናቸው። «ጭነታችሁ ወደብ ደርሷል። ቢጫው እንደገና አንድ ላይ በመሆኑ ደስታችን ወሰን የለውም» ይላል።

«አንድ ላይ? ከማን ጋር?» አለች ለራሷ። ከዚያ ክው ብላ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ፌሮ ሁሉ መንታ ነው፤ የእከሌ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መርከብ ላይ እንዳይደባለቅ የየጥቅሉ ጫፍ በባለቤቱ ቀለም ይቀባል። የአባቷ ቀለም ቢጫ ነበር፤ ያውም ራሳቸው ቀይ ጠብ እያደረጉ ያዘጋጁት፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። ግንበኛ ሁሉ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ቢጫ ጫፍ አላችሁ?» ነበር የሚለው። አባትየው ሲሞቱ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሱቁን፣ ሚዛኑን፣ መኪናውን ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተካፈሉ። ቢጫውን ግን መካፈል አቃታቸው። «እኔ ታላቅ ነኝ»፣ «ከአባባ ጋር አብሬ የሠራሁ እኔ ነኝ» ሲባባሉ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በመጨረሻ እናታቸው ተቆጡና፣ ቢጫውን ማንኛቸውም እንዳይነኩት ሁለቱንም አስማሏቸው። እሷ አረንጓዴ ያዘች፣ እሱ ሰማያዊ።

ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው ፊት ለፊት ሆኖ አይነጋገሩም። ግድ ሲሆን ወንድሟ «እርስዎ» ይላታል። ንፍጡን እየጠረገች ያሳደገችውን እህቱን፣ «እርስዎ»! ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

መሐላውን ያፈረሰችው እንግዲህ እሷ ነች። ደንበኛ ሁሉ «ያ ቢጫው የት ገባ?» እያለ አሰልችቷታል፣ እሷም ብትሆን አረንጓዴውን ባየች ቁጥር ሆድ ይብሳታል። አንድ ቀን ማንም ሳያያት ወደ አባቷ አሮጌ መጋዘን ሄደች። መጋዘኑን ስላልተካፈሉት ቁልፉ ሁለቱም ጋ አለ። የእንጨት በሩ አባቷ በዚያው ቀለም የቀቡት ነው። ከታችኛው ማጠፊያ ሥር፣ ሰው ልብ ከማይለው ቦታ፣ በቢላ ፍቃ «ጫፉን በዚህ ቀለም ቅቡልኝ» ብላ ቅራፊውን ለፋብሪካው ላከች። እዚያው አጠገብ አይጥ የጋጠው የሚመስል ቦታ አይታ «ደግሞ አይጥ ገባበት» ብላ ነበር።

አሁን መኪናዋን አስነስታ ወደ ወደቡ በረረች። የምትቸኩልበት ምክንያት ነበራት። ሆስፒታል የሚገነባ አንድ ኮንትራክተር መሠረቱን ቆፍሮ እየጠበቃት ነው። «ሰኞ ንጹሕ ፌሮ ካላራገፍሽልኝ ከሌላ እገዛለሁ» ብሏታል። አረንጓዴው ገበያ ስላልቀናው፣ ይህ ሥራ ካመለጣት ሱቁን መዝጋቷ ነው። ይህን ለባሏም አልነገረችውም።

የወደቡ መጋዘን ኃላፊ ግቢው መሃል ቆሟል። አጠገቡ ወንድሟ እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት ያያል። ከፊታቸው የፌሮ ጥቅል ተራራ ሆኖ ተከምሯል። ጫፉ ሁሉ ቢጫ ነው፤ ሁሉም ያ የአስኳል ቢጫ።

«ፋብሪካው የአንድ ቤት ዕቃ መስሎት ደባልቆ ጭኖታል» አለ ኃላፊው። «እኩሌታው መርከቡ ሆድ ውስጥ ስለነበር ንጹሕ ነው። እኩሌታው ደግሞ ከመርከቡ ጀርባ ላይ ተጭኖ የባሕር ውሃ ሲረጨው ስለመጣ ዝጓል። የቱ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ካልፈረማችሁ ከዚህ ግቢ አንዲት ፌሮ አትወጣም።»

«ንጹሑ የኔ ነው» የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ማን ይመሰክርባታል? ግን ወንድሟ ቀደማት።

«እርስዎ ምለው አልነበረም?» አላት።

«አንተስ?»

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ሌላውን ሌባ ሲይዝ ምን ይባላል? ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቀለሙን ከየት አመጣኸው?» አለች በመጨረሻ።

«ከመጋዘኑ በር» አለ ቀና ሳይል። «ከታች፣ ማጠፊያው ጋ ፋቅ አድርጌ...»

«አይጡ አንተ ነህ?!»

«የምን አይጥ?»

ሳቋ አመለጣት። ይዛው ነበር፣ አልሆነላትም፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ነገሩ ሲገባው ከንፈሩን ነከሰ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃላፊው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያየ፣ ሰዎቹ ጤነኞች መሆናቸውን ተጠራጠረ።

ሳቋ ሲያልቅ እንደገና ክምሩን አየችው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ይህን ያህል ቢጫ ባንድ ቦታ አይታ አታውቅም። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው እንዲህ ነበር፤ አባባም ከመሃሉ ብቅ ብለው «መጣሽ?» ይሏታል። ሰው ፊት ማልቀስ የማትወደው ብረቷ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እማዬ ብትሰማስ?» አለች።

«ሁለታችንም አፍርሰናል። ለማን ታዳላለች?» አለ። ከዚያ ወደ ክምሩ በአገጩ አመለከተ። «ኮንትራክተሩ እንደሚጠብቅ ሰምቻለሁ። ንጹሑን እርስዎ ይውሰዱ። የዛገውን እኔ እወስዳለሁ፣ የኔ ደንበኞች ይታገሡኛል።»

ጆሮዋን አላመነችም። ደስ አላት፣ ወዲያውም ተናደደች።

«እርስዎ እያልከኝ አንዲት ፌሮ አልወስድልህም» አለችው። «ደግሞ የዛገውን ብቻህን የት ትደርሳለህ? በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ወደ አባባ መጋዘን ይገባል፣ አብረን እንሸጠዋለን። ፈርም።»

እሷ ከተናገረች ተናገረች ነውና ፈረመ። እሷም ከሥሩ ፈረመች። ክሬኑ ንጹሑን ጥቅል ወደ መኪና ማንሳት ጀመረ። ወንድሟ ግን አልሄደም። ከሠራተኞቹ ሁለት የሽቦ ብሩሽ ለምኖ አምጥቶ አንዱን ዘረጋላት።

ልጆች ሆነው ሲጣሉ አባታቸው «ማን ጀመረ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም ነበር። አንድ የዛገ ፌሮ መሬት ላይ ያጋድሙና፣ መሃሉን በጠመኔ አስምረው፣ አንዱን ከወዲህ ጫፍ ሌላውን ከወዲያ ያስቀምጣሉ። «እየፈቀፈቃችሁ መሃል ስትገናኙ ወደ ቤት ትገባላችሁ» ይላሉ። ወንድሟ ሰነፍ ነበር። ሁልጊዜ መስመሩን አልፋ የሱን ድርሻ የምትጨርሰው እሷ ነበረች፤ በዚያም ማታ ድረስ ስትነጫነጭበት ታመሻለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከአንድ የዛገ ፌሮ ጫፍ ቁጢጥ አለች። እሱም ከዚያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ዝገቱ እየተነሳ ልብሳቸው ላይ ያርፋል። ኃላፊው «ለዚህ እኮ ሠራተኛ አለ!» ቢላቸው የሰማው የለም። ጉልበቷ አመማት፣ ጀርባዋ አመማት፣ ግን ቀና ብላ እሱን ማየት ስላፈረች ዝም ብላ ፈቀፈቀች። በመጨረሻ የሁለቱ ብሩሽ ተጋጨ።

ያኔ ቀና አለች። ጠመኔ ባይኖርም፣ ዕድሜዋን ከፌሮ ጋር የኖረች ሴት መሃሉን በዓይኗ ታውቀዋለች። ወዲያና ወዲህ አየች። እሷ ገና መሃሉ ጋ አልደረሰችም።

«ግማሹን አልፈሃል» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አላት።