ፈጥኖ የመጣው ገጽ

«ይኸው መስመሩን ነቀልሁት» አለ የኩባንያው ባለሙያ ወጣቱ ምስክር፣ ሽቦውን ከግድግዳው መዝዞ እያሳየ። «አሁን ኢንተርኔት የለም ማለት ነው። የፈለጉትን ይጠይቁኝ፣ አያ ዓለምነህ።»

አያ ዓለምነህ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው የብረት ሣጥኑን አዩት። በፍኖተ ሰላም የእድር ዳኛ ናቸው። እድሩ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ የቡሬ ኩባንያ አክሲዮን ይግዛበት አይግዛበት፣ አይተህ ና ተብለው ነው የመጡ። የቀብር ገንዘብ ነው እንግዲህ፤ ቢጠፋ በማን ፊት ይቆማሉ?

«ሣጥኑ ሰው አንዴ የፈለገውን ገጽ ቅጂውን ያስቀራል» አለ ወጣቱ። «ሁለተኛ የሚጠይቀው ሰው ከሩቅ እስኪመጣለት አይጠብቅም። የፍኖተ ሰላሙም የደምበጫውም ኢንተርኔት ቤታችን ከዚሁ ነው የሚቀዳው። ማንም ያልጠየቀውን ግን አያውቅም።»

«የበቆሎ ዋጋ» አሉ። ወዲያው መጣ።

«የአባቴን ስም ጻፍ፤ ወልደ ዮሐንስ እንግዳ።» መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። እውነትም አያውቅም። አያ ዓለምነህ ደስ አላቸው፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ነገር ይወዳሉ።

«እስቲ የልጄን። ባንተአምላክ ዓለምነህ።» ልጃቸው ጁባ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከደወለ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

ምስክር ጣቱን ሳያነሣ ገጹ ተዘረጋ።

ሣጥኑ ብቻ ያጓራል። ከገጹ ግርጌ ሣጥኑ የጠያቂዎቹን ብዛት ጽፏል፦ ፍኖተ ሰላም፣ ከማክሰኞ ወዲህ፣ አርባ አንድ ጊዜ። አያ ዓለምነህ ይህንን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ የታያቸው ብዥ ያለ ሰማያዊ መኪና ነው፤ በጎኑ የተኛ ይመስላል።

አርባ አንድ ጊዜ! ወይ አምላኬ፣ አገሩ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። ሦስት ሆነን እንሄዳለን ተብሎ ሁለቱ የእድሩ ሽማግሌዎች ዛሬ ጠዋት የቀሩት ለካ ለዚህ ነው። የእድሩ ጸሐፊ እጅጉ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ «ልቆጥር ነው» ብሎ ትናንት የወሰደውም ለዚሁ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት እንኳን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ፊቱን አዙሮባቸው ነበር። መርዶ ያለበትን ሰው፣ ዘመዱ እስኪሰበሰብ ድረስ በሰበብ ከከተማ ማራቅ የራሳቸው የአያ ዓለምነህ ብልሃት ነበር። ስንቱን ሰው እንዲህ ልከዋል። ስንቱ በምን አንጀቱ እንደሄደ አንድ ቀን አስበው አያውቁም።

«ላ... ላንብብልዎት?» አለ ምስክር።

«ተው ልጄ። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር፣ በሽማግሌ አፍ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዝጋው።» ተነሡና በሩ ላይ ቆም አሉ። «ኩባንያችሁ ያዋጣል። እንዲያ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

በመንገዱ ሁሉ አላለቀሱም። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንድ የሚያውቁት ሰው በመስኮት አይቷቸው እጁን ሊያነሣ ብሎ ተወው።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ባለቤታቸው ደጊቱ ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ።

«ዛሬም አልደወለም ይኸ ልጅ» አሉ ደጊቱ። «ይምጣና ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው!»

አያ ዓለምነህ ባርኔጣቸውን ሰቀሉ። እራት በጊዜ ይቅረብ አሉ፤ አጥብቀውም አጎረሷቸው። ነገ ደጊቱ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ወጥተው ውሻውን ከጓሮ አሰሩት፣ የአጥሩን በር መቀርቀሪያ ሳይወረውሩም ተመለሱ።

«ምነው ውሻውን አሰርኸው?»

«ጠዋት ሰው ይመጣል።»

ደጊቱ ወደ ጓዳ ለመግባት ብድግ አሉ፤ እንግዳ ሳይሰናዱ ሲደርስባቸው አይወዱም። «ታዲያ አትናገርም? ስንት ሰው ነው?»

አያ ዓለምነህ ያልተቀረቀረውን የአጥር በር አዩ።

«ብዙ ነው» አሉ።