ወተቱ የማይደርስበት

ዛሬ ጠዋት እንደኔ ለሥራ የቸኮለ ሰው አልነበረም። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሦስተኛውን ወር እንኳ አልደፈኑም። ይሄኛውን ግን ለማንም አልሰጥም ብያለሁ።

የምሠራው ጫማ ቤት ነው። ዘጠኝ ሴቶች ሶል ላይ ማስቲሽ እየቀባን እናጣብቃለን። አቧራ ያረፈበት ማስቲሽ ስለማይይዝ መስኮቱ ምንጊዜም ዝግ ነው። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ግን ምን ቸገረን፣ ወተት አለን። አራት ሰዓት ሲሆን እትዬ፣ የባለቤቱ ሚስት፣ ሽታ ከማያግደው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ማዶ ካለው ቢሯቸው ጆግ ይዘው ይመጣሉ። "ጠጡ፣ መርዙን ያጥበዋል" ይሉና ለራሳቸውም ይቀዳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጭላጭ ሳላስቀር ጠጥቻለሁ።

ትናንት ክትትል ሄጄ ይህንኑ ለነርሷ እየተኩራራሁ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እህቴ፣ ወተቱ የሚገባው ሆድሽ፣ ሽታው የሚገባው ሳንባሽ። የት ተገናኝተው ነው የሚያጥበው? ሽታው ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ፅንሱ ነው የሚሄደው።"

የፊተኞቹም በዚሁ ሰበብ ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል ጨመረችልኝ። ተናደድኩ፤ ከንዴቴ በላይ ግን ደስ አለኝ። እስከ ትናንት ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ ራሴን ስበላ ነበር የኖርኩት።

ዛሬ ጆጉ ሲመጣ ተነሳሁ።

"ፅንስ የጨነገፈባት ብርጭቆዋን ታስቀምጥ" አልኩና የራሴን አስቀመጥኩ።

ወሬ የማያልቅባት፣ "ራዲዮ" የምንላት የጠረጴዛ ጎረቤቴ አስቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት ስታወራ ይህችን አንዲቱን አልነገረችንም። ከዚያ ሌላዋ፣ ደግሞ ሌላዋ። ከዘጠኛችን ሰባት። እያንዳንዳችን ገመናዬ ብለን የደበቅነው የሁላችን ኖሯል። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

"ጠረጴዛዎቹ ጓሮ ይውጡ" አልኩ።

"አቧራውስ?" አሉ ባለቤቱ በር ላይ ቆመው።

"ለአቧራው ሸራ እንወጥራለን፣ ጋሼ።"

"ጠረጴዛ የነካች ነገ እንዳትመጣ።"

ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። እትዬ ብርጭቋቸውን ከብርጭቆዎቻችን አጠገብ አኖሩ።

"እርስዎም?" አልኳቸው።

"ሦስት ጊዜ" አሉ።

ጠረጴዛዬን ላነሳ ጎንበስ ስል እትዬ ትከሻዬን ያዙኝ።

"አንቺ ዞር በይ፤ ይሄኛው እንኳ ይወለድልን" አሉኝና ወደ ባላቸው ዞሩ። "ና፣ በዚያ በኩል አንሳ።"