ራዲዮኑን ዝጊው

ልጅቷ ፕሮግራም ስትጽፍ አፏ አያርፍም። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ፣ ወሬዋ ከኮዱ ጋር። «ና እስቲ አንተ ቁጥር፣ በየት በር ገባህ? በዚህ ገባህ፣ እሺ። ታዲያ የት ስትዞር ቆይተህ ነው ባዶ እጅህን የወጣኸው?» እያለች መስመሩን ሁሉ እንደ አጥፊ ልጅ አቁማ ትመረምራለች። ስህተቱን የምታገኘውም እንዲሁ ነው፤ ዝም በይ ያሏት ቀን ሁለትና ሁለት አይደመርላትም። «ራዲዮ» ብላ ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። ስሙ ከቤት ወጥቶ፣ ሰፈሩን አዳርሶ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሏት ገባ። መምህሯ እንኳ አንድ ቀን ስም ሲጠራ አምልጦት «ራዲዮ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል።

ጓደኛዋ ደግሞ ጭምቷ ትባላለች። ራዲዮ ስትለፈልፍ አጠገቧ ቁጭ ብላ እየሰማች የተማረች ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ሩቅ ስለሆኑ ቅዳሜና እሁድን የምታሳልፈው እነራዲዮ ቤት ነበር። አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ በአንድ ሳህን በልተዋል፤ እናትየዋ «ልጆቼ» ስትል ሁለቱንም ማለቷ ነው። እናም ቃል ተገባቡ፦ ሥራ ቀድማ የገባችው የቀረችውን ትጎትታለች።

ጭምቷ ቀደመች። ተማሪው ሁሉ የሚመኘው የሶፍትዌር ድርጅት ገና ሳትመረቅ ቀጠራት። ራዲዮ በደስታ ጨፈረች። ቅናት የሚባል ነገር በአጠገቧም አላለፈ፤ ኧረ ብትቀና ይሻላት ነበር!

ራሷ ሲቪዋን ያላስገባችበት ቢሮ የለም። ሁሉም ልምድ አምጪ ይላል። ሥራ ሳይሰጡ ልምድ ከየት ይመጣል? ከገበያ አይገዛ! አጎቷ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ «ኮምፒውተርም ሞባይልም ያው ነው፣ ነይና የስክሪን መስታወት ለጥፊ» እያለ ይጨቀጭቃታል። እናቷም ቁርጡን ነገረቻት፤ እስከ ምርቃት ሥራ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልሆነ ከአጎትሽ ጋር ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው መስታወት ልትለጥፍ መሆኑን ስታስብ እንቅልፍ እምቢ ይላታል።

በዚህ መሀል ጭምቷ መጣችና «ቃላችን ቃል ነው፤ እኛ ጋ አንድ ቦታ ተከፍቷል» አለቻት። ራዲዮ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ስሚኝ ግን» አለች ጭምቷ። «እዚያ ወሬኛ አይወዱም። ነጭ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ይሰጡሻል። መልሱን ጽፈሽ እስክትጨርሺ ቃል እንዳይወጣሽ። ራዲዮኑን ዝጊው።»

«ዝም ብዬ? እንዴት አድርጌ ላስብ ታዲያ?»

«በሆድሽ አስቢያ! እኔ እንዴት የገባሁ መሰለሽ?»

አመነቻት። ምን ታድርግ? እህት እህቷን ካላመነች ማንን ታምናለች? ሳምንቱን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ተለማመደች። ድምፅ ባመለጣት ቁጥር ጭምቷ ጉልበቷን መታ ታደርጋታለች። እናትየዋ «ኧረ ልጄን ምን ነካብኝ?» እያለች በበሩ ታጮልቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ዋናዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ኃላፊ ናት። ጥያቄው ደግሞ ለራዲዮ እንጀራዋ ነው፦ አንድ የክሊኒክ ወረፋ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ለሁለት በሽተኞች አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ለምን? ራዲዮ ማርከሯን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ና እስቲ አንተ» የሚለው ጉሮሮዋ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«አንዴ... ልጨርስ።»

«ጮክ ብለሽ ብታስቢልን?»

ወጥመድ መሰላት። ወሬኛ አይወዱም ተብላለቻ! ፈገግ ብላ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁለቴ አጥፍታ ሦስተኛ ጽፋ፣ በመጨረሻ አገኘችው፤ ሁለት ሰው እኩል ከመጣ ፕሮግራሙ የአንደኛውን ቁጥር እንደተያዘ ሳይመዘግብ ለሌላኛው ያንኑ ያድላል። አስተካክላ ዞር አለች።

«መልሱ ትክክል ነው» አለች ኃላፊዋ መነጽሯን እያወረደች። «ግን እኛ የምንሠራው በቡድን ነው፤ ሐሳቡን ከማያካፍለን ሰው ጋር አንችልም። ዋናው ፈተና ጮክ ብሎ ማሰብ መሆኑን ለጓደኛሽ ነግረናት ነበር። አልነገረችሽም?»

ራዲዮ ክው አለች። ጭምቷ በደንብ ሳትሰማቸው ቀርታ ይሆናላ፣ ምስኪን!

«ነግራኛለች» አለች። በሷ ቤት ጓደኛዋን ከሥራዋ እንዳታጣላት መሸፈኗ ነው። አይ የዋህነት!

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ አንድ የወንድ ድምፅ «ራዲዮ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት!» ብላ ዞረች።

ከኮሪደሩ ጫፍም ሌላ «አቤት!» መጣ። ጭምቷ ናት፤ ላፕቶፕ ታቅፋ ደርቃ ቀረች።

የተጣራው የጭምቷ ባልደረባ ሳቀ። «ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን አይደለም። የኛ ራዲዮ ይቺ ናት። ኮድ ስትመረምር ብትሰሚያት! ‹ና እስቲ አንተ ቁጥር፣ በየት በር ገባህ?› ትላለች። ኢንተርቪው ላይ ሁላችንንም በሳቅ ፈጀችን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ራዲዮ ነው የምትለኝ አለችን።»

«እናቴ» ብላ! እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲሉ ሰምታለች፤ እንዲህ አጠገቧ ተኝቶ የሚያድር ግን አልመሰላትም። ባጎረሰች ተነከሰች። ሰውዬው የሆነ ነገር ሸቶት ሹልክ ብሎ ሄደ።

«ስሜንም?» አለች ራዲዮ። «እናቴንም?»

ጭምቷ መሬት መሬቱን እያየች «እዚህ የወደዱኝ በዚያ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ከመጣሽ እኔ ማን ልባል ነው?»

ከቁጥር ጋር የምትጨቃጨቀዋ ለፍላፊ ልጅ ፊቷን አዙራ ደረጃውን ወረደች። እንባዋ የመጣው ታክሲ ውስጥ ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ደርድራለች።

«ሌላዋ ልጄስ? አብራችሁ አልመጣችሁም?»

ራዲዮ ላፕቶፗን ከፍታ ፊቱ ተቀመጠች። ዝም።

«ምነው ራዲዮ? ባትሪ ጨረስሽ እንዴ? ተናገሪ እንጂ፣ ሥራው እንዴት ሆነ?»

«ራዲዮ ሥራ ገብታለች፣ እማዬ።»

እናትየዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«የቀረሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።